የጎረቤት ሬዲዮ

«ከዘፈነ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ነው እንላለን» አለ ወንድሟ።

ቲኬት ይህን የሰማችው በጓሮ በር ገብታ፣ ማበጠሪያና ቢጎዲን የሞላውን ቦርሳዋን ማዕድ ቤቱ ወለል ላይ ስታስቀምጥ ነው። የሳሎኑ በር ገርበብ ብሏል። ወንድሟና ሚስቱ ወንበር ይጎትታሉ፣ መልሰው ይገፋሉ። «ሬዲዮ ነው ስንላቸው ያምናሉ? ድምፁ እኮ ይንቀጠቀጣል» አለች ሚስትየው፣ ስለ መጋረጃ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብላ። «አሮጌ ሬዲዮ ነዋ!» አለ ባልየው፤ ሁለቱም ሳቁ። ቲኬት እንዳጎነበሰች ደሟ ፈላ። የሚያወሩት ስለ አባቷ ነው። ስለ ሁለታቸው አባት፣ በሕይወት ስላለ፣ ከዚህ ማዕድ ቤት አንድ ግድግዳ አልፎ አልጋው ላይ ስለተቀመጠ ሰው። ወይ ነዶ! ሰው አባቱን በቁሙ ሲቀብር አይታ አታውቅም ነበር፤ ያውም እየሳቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሟ የባንክ ቅርንጫፍ ኃላፊ ነው። ሴት ልጁ ልታገባ ነው፤ የእጮኛዋ ወላጆች ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምሳ ይመጣሉ። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት፣ ባለ ሦስት መኪና ሰዎች ናቸው ተብሏል። ስለ ልጅቷ አያት በስልክ ሲጠይቁ፣ የወንድሟ ሚስት ዓይኗን ሳታሽ «አስተማሪ ነበሩ፤ አሁን ሌላ ከተማ ዘመድ ጋ ናቸው» ብላ መለሰች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለውን እዚህ ቤት የሰማ የለም። አስተማሪ የተባለው ሰው፣ በሰፈሩ ስሙ «ተርጓሚው» ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ በቪዲዮ ቤት የሕንድ ፊልም ሲተረጉም የኖረ ሰው ነው። ቲኬትም ቲኬት የተባለችው በልጅነቷ በዚያው ቪዲዮ ቤት በር ላይ ቆማ ቲኬት ትቆርጥ ስለነበር ነው። ይኸው ዛሬ ከአርባ ዓመት አልፋ፣ የራሷን ትንሽ ፀጉር ቤት ከፍታም ስሙ አልለቀቃትም፤ እሷም አልለቀቀችውም። ዛሬ የተጠራችው ግን ምሳ ልትበላ አይደለም። የወንድሟን ሚስት ፀጉር ልትሠራ፣ ከዚያ አባቷን ልትጠብቅ ነው።

መኝታ ቤት ገብታ ሥራዋን ጀመረች። የወንድሟ ሚስት መስተዋቱ ፊት ተቀምጣ አፏ አላረፈም። መጋረጃው ከየት እንደተገዛ፣ ሻጩ ስንት ብሏት ስንት እንዳወረደችው፣ ኬኩ ምን ያህል እንደፈጀ ነገረቻት። የኬኩ ዋጋ ቲኬት ለፀጉር ቤቷ ከምትከፍለው የወር ኪራይ ግማሹን ይሆናል፤ ይህን ግን አላለችም። ሰሃኖቹ ከጎረቤት የተዋሱ መሆናቸውንም ሰማች፤ ይህንንም ለማንም እንዳትናገር ተነገራት። ከዚያ የወንድሟ ሚስት ከጋውኗ ኪስ በሶፍት የተጠቀለለች ክኒን አውጥታ በትከሻዋ ላይ አቀበለቻት።

«ይቺን በሻይ ለአባትሽ ስጪልኝ። ምንም አትለውም፤ ትንሽ ታስተኛዋለች።»

«ሐኪም አዞለት ነው?»

«ለኔ የታዘዘች ናት። ምን ልዩነት አለው? እንቅልፍ እንቅልፍ ነው።»

ቲኬት ቢጎዲኑን ጠበቅ አድርጋ ጠቀለለች። «ኧረ ቀስ! ልትነቅይው ነው እንዴ?» አለች ተሠሪዋ። «ይቅርታ፤ እጄ ነው» አለች ቲኬት፤ ቀጣዩንም እንደዚያው ጠበቅ አደረገችው። ክኒኗን የሽርጧ ኪስ ውስጥ ጣለቻት። እዚያው ትበስብስ እንጂ የአባቷ ጉሮሮ እንደማትገባ የማለችው ያኔ ነው።

ስትወጣ ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ግንባሩ በላብ ወዝቷል። የአባታቸውን ክፍል ቁልፍ እጇ ላይ አስቀመጠና ጣቶቿን በራሱ እጅ ዘጋቸው። «ሻይውን ከጠጣ በኋላ ከውጭ ቆልፊው። ለሱም ይሻለዋል፤ ሰው ሲበዛበት ይደነግጣል» አለ።

«አባዬ ሰው በዝቶበት መች ደንግጦ ያውቃል ጋሼ? ቤት ሙሉ ሰው ፊት ተቀምጦ...»

«ይኸው! እሱን ነው እንዳታነሺ የምልሽ። የሕንድ ጣጣውን ተይኝ። ልጅቷ ትዳር ልትይዝ ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ቻይልኝ እህቴ፣ በሞቴ።»

ድምፁ ለመነ። ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለአባቱ መድኃኒት ይገዛል፣ ክረምት ሲገባ ብርድ ልብስ ይጨምርለታል። የሚፈራ ሰው ነው እንጂ። ባንኩን ይፈራል፣ ሚስቱን ይፈራል፣ ከሁሉም በላይ ያንን ያደጉበትን ሰፈር ይፈራል። ከዚያ የወጣበት መንገድ ወደኋላ ይመልሰኝ ይሆናል ብሎ እስከ ዛሬ ይሮጣል። አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ ይባላል። እሱ ሩጫውን ብቻ ነው የሰማው። ቲኬት ግን እያዘነችለትም ልትምረው አልቻለችም።

የአባቷ ክፍል ከማዕድ ቤቱ ቀጥላ፣ ከሳሎኑ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጠባብ ዕቃ ቤት ነበረች። ዕቃው አሁንም አልወጣም። ባዶ የጋዝ ሲሊንደር፣ መሥራት ያቆመ ፍሪጅ፣ ከወለል ሥራ የተረፈ ሴራሚክ በካርቶን ተደርድሯል፤ አልጋው በመሃላቸው ተሸጉጧል። አባቷ ተላጭቷል። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ክራቫቱን አስሯል፤ ያንን ሰፊውን፣ ለሥራ ሲወጣ የሚያስረውን ቡናማ ክራቫት።

«እንግዳ ይመጣል አሉ፤ ቲኬቴ» አላት። «ምነው ክራቫቱ ጠመመ እንዴ?»

«አልጠመመም አባዬ። አምሮብሃል።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሻይውን ሰጠችው፤ ስኳር ብቻ ያለበትን ሻይ። ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ምን ብላ ትንገረው? ልጅህ ሬዲዮ አደረገህ ትበለው? እሱ ቀስ እያለ ይጠጣል። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ምሳ መብላቱን ይረሳል፣ ቀኑን ይረሳል፤ ወንድሟም «አእምሮው ሄዷል» ለማለት የሚበቃው ይህ ነው። ዘፈን ግን አንድም አልረሳም። ማታም ጠዋትም ይዘፍናል። የሚዘፍነውን የማያውቅ ሰው አንዳች የጠፋበት ይመስለዋል።

ቲኬት ግን ታውቀዋለች። ቪዲዮ ቤቱ ከቆርቆሮ የተሠራ ረጅም ክፍል ነበር፤ አግዳሚዎቹ መደገፊያ አልነበራቸውም፤ ውስጡ ላብና የተቆላ ለውዝ ይሸታል። አባቷ ከቴሌቪዥኑ ጎን በለስላሳ ሳጥን ላይ ይቀመጣል፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ማይክሮፎን ይዞ። የሕንዶቹን ቋንቋ አያውቅም። አንዲት ቃል አያውቅም። ግን ፊልሙ ሲጀመር የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንስና እሱ ይናገራል፤ ለወንበዴው ወፍራም፣ ለልጅቷ ቀጭን፣ ለእናትየው የሻከረ ድምፅ እያወጣ፣ የሰዎቹን ፊት እያየ ከልቡ ይፈጥራል። ዘፈን ሲመጣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይወረውራል፤ «አሁን ልጅቷ መሄዱን ሰማች» ይላል፤ ከዚያ ማይክሮፎኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይለቀዋል። «ከዚያስ? ምን አለች?» ብሎ ሰው ይጮህበታል። «ከዚህ በኋላ ዘፈን ነው። ዘፈን አይተረጎምም» ይላል። ቤቱ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል።

ሰፈሩ ያደገው በእነዚያ ዘፈኖች ነው። ሴቶቹ ቧንቧ ወረፋ ላይ፣ ልብስ ሲያጥቡ፣ ቃሉን እንደመሰላቸው እያጣመሙ ያንጎራጉሯቸው ነበር። ልጃገረዶች የእናታቸውን ነጠላ አውርደው መስተዋት ፊት አንገት ይሰብቁ ነበር። እዚያ ፊልም ውስጥ ድሃ ልጅ አይታፈርበትም፤ ዓይኗ የጠፋ እናት ትከበራለች፤ የተለያዩ ወንድማማቾች በመጨረሻ በአንድ ዘፈን ይተዋወቃሉ። የሰፈሩ ሰው የራሱን ኑሮ በቀለም ያያል፤ አልቅሶ፣ ቀሎት ይወጣል። ይህን ነው እንግዲህ ዛሬ «የሕንድ ጣጣ» የሚሉት። እነዚያ ነጠላ ያወረዱ ልጃገረዶች ዛሬ የት ናቸው? የት ይሆናሉ፤ ትልልቅ ወይዘሮ ሆነው በልጆቻቸው ፊት አናውቀውም ይላሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው አንድ ዘፈን ነበር። አባቷ ሁልጊዜ «አሁን እናትየው ልጇን ትፈልጋለች» ብሎ ይለቀው ነበር፤ ሰፈሩም ያነባ ነበር። ልጅ የሞተባት በእሱ ታለቅሳለች፤ ልጅ የኮበለለባት በእሱ ትጸልያለች። በኋላ አንዲት ከሕንዳውያን ሐኪሞች ጋር የሠራች ነርስ ሰፈሩ ገባችና ዘፈኑን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ዘፈኑ ማንጎ የምትሸጥ ሴት ማንጎዋን የምታሞግስበት ነው አለች። አንድ ሳምንት ሙሉ ሰው በአባቷ ሳቀ። «ማንጎ ሻጭም እናት ናት» አለ እሱ፣ ሳይቆጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ዘፈኑ ሲመጣ ሁሉም ተመልሶ አለቀሰ። በዚህ ዓለም ላይ ያንን ዘፈን የእናት ዘፈን የሚለው ያ ሰፈር ብቻ ነው።

ዘፈኑ መሃል ላይ ሴትየዋ ዝም ትልና አንድ ትንሽ ልጅ ከሩቅ ይመልስላታል። ቤት ውስጥ ሲዘፈን ያ ቦታ የወንድሟ ነበር። ደወል የመሰለ ድምፅ ነበረው። እናታቸው ሥራዋን ትታ በሩ ላይ ቆማ ትሰማው ነበር። ቲኬት አንድ ቀን ልሞክር ብትል ሁሉም ጆሮውን ያዘ፤ «አንቺ ቲኬትሽን ቁረጪ!» አሏት።

መኪና ሲቆም ተሰማ። ወንድሟ በማዕድ ቤቱ በር አንገቱን ብቅ አድርጎ በዓይኑ ቁልፉን አሳያት። ቲኬት ተነሳች። አባቷም ሊነሳ ክራቫቱን አስተካከለ፤ እሷ ግን እሱን ሳታይ ወጥታ በሩን ዘጋች፤ ቆለፈችም። አዎ፣ ቆለፈች። ቁልፉ ሲዞር ይሰማል። ከውስጥ «ምን ሆንሽ?» የሚል ድምፅ ጠበቀች፤ ምንም አልመጣም።

ጓሮ ልትቀመጥ ስትል የወንድሟ ሚስት፣ የቤት ሠራተኛዋ እንዳትሰብር ሰግታ፣ የተዋሰችውን ሰሃን እንድታመላልስ ቲኬትን ጠራቻት። ሩዝ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ሰላጣ አቀረበች። እንግዳዋ ደልደል ያሉ፣ ጥርት ያለ ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ ወርቃቸው አንገታቸውን የከበዳቸው ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ከሲታ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን በሁለት ሰው ድምፅ ነው። እንግዳዋ የእመቤቲቱን ፀጉር አድንቀው ማን እንደሠራት ጠየቁ። «ይቺው ናት፤ ፀጉር ሠሪዬ» አለች የወንድሟ ሚስት። ቲኬት ወንድሟን አየችው። ወንድሟ ሰላጣውን አየ። እህትነቷም እንደዚህ፣ በሹካና ቢላ መሃል ተቀበረ።

ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ተወራ፣ ስለ አዳራሽ ኪራይ ተወራ። እንግዳው የዛሬ ልጆች በስልክ መበላሸታቸውን አማረሩ። «የኛም ጊዜ የራሱ ብልሹ ነበረው» አሉ ዶሮውን እየለያዩ። «ያ የሕንድ ፊልም! ሥራ ፈት ሁሉ እዚያ ሲያለቅስ ይውላል። እኛ ቤት ስሙ ከተነሳ ቀበቶ ይፈታል።»

«ትክክል ነው» አለ ወንድሟ ፈጥኖ። «እኛም ቤት ጨርሶ አይታሰብም ነበር።»

ይህን ብሎ ውሃ ሳይጠጣ፣ ከግድግዳው ወዲያ ያ ዘፈን ጀመረ።

መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ወፈረ። የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አንድም ቦታ አይስትም። የወንድሟ ሚስት ሰሃን በሰሃን ላይ እያጋጨች «ዶሮ ይጨመር! ምነው አልበላችሁም?» አለች። «የጎረቤት ሬዲዮ ነው» አለ ወንድሟ፤ ማንም አልጠየቀውም። «ግድግዳው ስስ ነው። ነግረናቸው ነግረናቸው...» እንግዳው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ጣታቸው ግን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ምቱን ይዟል። በቀበቶ ያደገ ጣት ይህን ከየት ተማረው? ቲኬት ሳህን ተሸክማ ቆማ፣ ይህን ሁሉ የሚያውቅና የማያውቅ መስሎ የሚበላውን ሰው አየች።

እንግዳዋ ሹካቸውን አስቀመጡ። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነው።

«እናትየው ልጇን የምትፈልግበት ዘፈን ነው» አሉ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው።

ቲኬት ሳህኑ ሊያመልጣት ነበር። የማንጎ ዘፈን አላሉም፤ የሕንድ ዘፈን ብቻ ብለውም አላለፉትም። የእናት ዘፈን አሉት። እንዲህ የሚለው የዚያ የቆርቆሮ ቤት ሰው ብቻ ነው። እኚህ ወርቅ የከበዳቸው ሴት፣ መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ላይ፣ በአባቷ ድምፅ ያለቀሱ ሴት ናቸው። ምናልባት ቲኬታቸውን የቆረጠችው እሷ ራሷ ናት።

«ምን ዘፈን ነው ያልሽው?» አሉ ባለቤታቸው።

«አታውቀውም፤ አንተ ቤት ቀበቶ ነበር» አሉ እንግዳዋ። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞሩ። «እባክህ ልጄ፣ እነዚያን ጎረቤቶች ድምፁን ከፍ አድርጉልን በልልኝ። ከልጃገረድነቴ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።»

ወንድሟ ግንባሩን በሶፍት ጠረገ።

«እኔ ከፍ አደርገዋለሁ» አለች ቲኬት። ሳህኑን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠች። የወንድሟ ሚስት በጠረጴዛው ሥር ሽርጧን ያዘቻት፤ ቲኬት ሽርጡን ፈትታ እጇ ላይ ትታላት ሄደች። ክኒኗም አብራ ቀረች። ቁልፉን አዞረች፤ በሩን ግድግዳው እስኪነካ ከፈተችው።

«አባዬ፣ ና። እንግዶቹ ይጠብቁሃል።»

አባቷ ቆሞ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ በዚያ ስስ ግድግዳ ሥር ለሚኖር ሰው ግን አይሠራም። የጠዋቱንም፣ የአሁኑንም ሰምቷል፤ ሳቁንም ሰምቷል። ቀስ እያለ በማዕድ ቤቱ አልፎ ሳሎን ገባ፤ ክራቫቱ አልጠመመም። እንግዳዋ ከወንበራቸው ተነሱ፤ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። «ተርጓሚው!» አሉ። «እርስዎ ነዎት? በሕይወት አሉ?»

አባቷ እንደ ድሮው መጀመሪያ ሁሉንም በየተራ አየ፣ ፊታቸውን አነበበ፤ መጨረሻ ላይ ዓይኑ ልጁ ላይ አረፈ። ከዚያ በዚያ ማይክሮፎን በማያስፈልገው የሥራ ድምፁ፣

«አሁን ልጁ አባቱን አላውቀውም አለ» አለ።

እንግዳዋ እንባቸው እየወረደ፣ ከስንት ዓመት በፊት አግዳሚው ላይ ሆነው እንደሚጮኹት፣ ሳያስቡት «ከዚያስ?» አሉ።

«ከዚህ በኋላ ዘፈን ነው። ዘፈን አይተረጎምም።»

እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ፣ ቆሞ፣ ካቆመበት ቀጠለ። እናትየው ልጇን ፈለገች፤ ጠራችው፤ ደጋግማ ጠራችው። ከዚያ ያ ቦታ ደረሰና አባቷ ዝም አለ፤ ልጁ ከሩቅ የሚመልስበት ቦታ። ወንድ ልጁን እያየ ጠበቀ። ሁሉም ወደ ባንክ ኃላፊው ዞሩ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ቲኬት አይታለች፤ ቃሉን እንዳልረሳ አይታለች፤ ግን ሚስቱን አየ፣ እንግዳውን አየ፣ አንገቱን ወደ ሰሃኑ ደፋ። አባቷ አሁንም ይጠብቃል።

ቲኬት ገባችበት። በዚያ ሁሉም ጆሮውን በሚይዝበት ድምፅዋ፣ ዜማውን እየሰበረች፣ ቃሉን እያጣመመች፣ ጉሮሮዋ እስኪነቃ ከፍ አድርጋ መለሰችለት። ጎረቤት ከፈለገ ሬዲዮ ነው ይበል።